የማያጨበጭብ አይጨፍርም

የምከራየው ግቢ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ወደ ባቲ መውጫ ላይ ነው። ዘጠኝ ክፍል፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ፣ ሁለት ሽንት ቤት። መሃሉ ላይ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ትንሽ ሜዳ አለ። ልብስ ከማስጣት ሌላ ለምንም አይሆንም ብዬ አስብ ነበር።

የገባሁት በ2012 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎረቤቶቼን በስም አላውቃቸውም። «ባለ ባጃጁ» እላለሁ፣ «የጥጓ ልጅ» እላለሁ፣ «የመንታዎቹ እናት» እላለሁ። እነሱም እኔን «ዶክተር» ይሉኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ማረሙን ግን ድሮ ነው የተውኩት። ከተነጋገርን የምንነጋገረው ስለ ሁለት ነገር ነበር፦ ውኃ ማን ቀድሞ እንደሚቀዳና የመብራት ሒሳብ ማን ላይ እንደሚወድቅ። ሁለቱም በጭቅጭቅ ያልቃሉ።

ዛሬ በዚያ ግቢ አንድ ሰው ከታመመ በሩ ይንኳኳል። ይህ እንዴት እንደመጣ ነው የምጽፈው። በጭፈራ ነው ብል ቀልድ ይመስላል። ደግሞም ጭፈራ ሁሉ እንዲህ አያደርግም። ሠርግ ላይ ሌሊቱን ሙሉ አብሮን የጨፈረ ሰው በማግስቱ መንገድ ላይ ሰላም ሳይለን ያልፋል። ታዲያ የእኛ ለምን ያዘ? አንድ ጊዜስ ለምን ፈረሰ? እኔን ሲያከራክረኝ የኖረው ይኼ ነው።

ግቢው ውስጥ ማን ነበር

ኮምቦልቻ ድሮም የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ ብረታ ብረቱ አለ። በሐምሌ 2009 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ደግሞ ሌላ ዓይነት ተከራይ መጣ፤ ከየወረዳው ለልብስ ስፌት የመጡ ወጣት ሴቶች። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ። ፍራሽ መሬት ላይ፣ ሻንጣ ከፍራሹ ራስጌ። አንዷ ከሥራ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች። አንድ ክፍል እየኖሩ ሳይተያዩ ሳምንት ይሞላቸዋል።

የጥጓ ልጅ ከነሱ አንዷ ናት። የላስታ ልጅ ነች። አብረዋት የሚኖሩት ሁለቱ ከከሚሴ በኩል ናቸው፤ እርስ በርስ ኦሮምኛ ነው የሚያወሩት። ባለ ባጃጁ ደሴ ተወልዶ ያደገ፣ «ብርዱን ሐረጎ ላይ ጥዬው ወረድኩ» እያለ የሚቀልድ ነው፤ ሐረጎ በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ያለው ዳገት ነው። ማሽን የሚጠግነው ልጅ ከወላይታ ሶዶ ነው። የመንታዎቹ እናት ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ እሷ ጅልባብ ለባሽ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። ከቧንቧው አጠገብ ጋሼ አሉ፣ የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ። ትልቁ ቤት ውስጥ ደግሞ ባለቤቷ፣ እትዬ።

ይህ ሁሉ ሰው በ2014 ያየውን አይቷል። በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ከተማዋ ሲገባ ከፊሉ ሸሸ፣ ከፊሉ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ኅዳር 27 ደሴና ኮምቦልቻ ተመልሰው በመንግሥት እጅ ሲገቡ እኛም ተመለስን። የጠበቀን የተሰበረ ቁልፍ ነው። ፋብሪካዎቹም ተዘርፈው ነበር። ወር ሳይሞላ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ ገበያዋ፣ አስወጣች። ልብሱ የሚሰፋው በብዛት ለዚያ ገበያ ነበርና ልጆቹ ሥራ ይኑራቸው አይኑራቸው ሳያውቁ ከረሙ። እንዲህ ያለ ጊዜ ሰውን ያቀራርባል ይባላል። እኛ ግቢ አላቀራረበም። እያንዳንዱ የተረፈውን ዕቃ ቆጥሮ በሩ ላይ ሌላ ቁልፍ ጨመረ።

ነሐሴ 16

ነሐሴ 16 ቀን 2014 ሰኞ ነበር። ፍልሰታ የተፈታ ዕለት ላስታ ላይ አሸንድዬ ነው። ዋግ ሻደይ ይለዋል፣ ራያ ቆቦ ሶለል። ልጃገረዶች ሣሩን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው፣ እየዞሩ ይጫወታሉ። የጥጓ ልጅ አገሯ ለመሄድ ፈቃድ ጠይቃ ተከልክላለች። ያን ቀን ሥራ ውላ፣ ማታ ቧንቧው ሥር ተቀምጣ ውኃ እስኪመጣ ትጠብቃለች። ባዶውን ቢጫ ጀሪካን ጉልበቷ መሃል አስገብታ መታ መታ ማድረግ ጀመረች። ለሰው ብላ አይደለም። ዐይኗንም ጨፍናለች።

እኔ ከመስኮቴ አያታለሁ። የመንታዎቹ እናት በር ተከፈተ። ልትቆጣት ነው አልኩ፤ ልጆቿ ተኝተዋል። ወጥታ ትንሽ ቆማ ሰማቻት።

«ክዳኑን ክፈችለት እንጂ እቴ! ታፍኖ እንዴት ይጩህ?»

ክዳኑን ራሷ ፈታችው። ጀሪካኑን አጋደመችው፣ አንድ እጇን መሃሉ ላይ፣ አንዱን ጠርዙ ላይ አድርጋ መታችው። ከፕላስቲክ እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ኋላ እንደነገረችን አባቷ ቤት መንዙማ ይባል ነበር። ድቤ የሚመታው አጎቷ ነው። እሷ ልጅ ሆና ከመጋረጃ ወዲህ ቁጭ ብላ ጉልበቷን እየመታች ትከተለው ነበር።

የላስታዋ ልጅ ማጨብጨብ ያዘች። የከሚሴዎቹ ወጡ። ባለ ባጃጁ ጎማ እየነፋ ነበር፤ ፓምፑን እንደጨበጠ ትከሻው ብቻውን ይሄዳል። ራሱም አላወቀው። ጋሼ ከወንበራቸው ሆነው «ተዉት፣ ትከሻው ደሴ ነው የተማረው» አሉ። ሰው ሳቀ። በዚህ መሃል ውኃው መጣ። ሳምንት ሙሉ የተጣላንበት ውኃ ዝም ብሎ ሲሚንቶው ላይ ይፈስሳል፣ ማንም አይቀዳም። «ሒሳቡን ማን ሊከፍል ነው!» እያሉ የዘጉት እትዬ ናቸው። የዚያ ማታ ጭቅጭቅ ይቺ ብቻ ነበረች።

ሁለት ቀን ቆይቶ ቆቦ በኩል ውጊያው እንደገና ተቀሰቀሰ። ጀሪካኑ ወደ ውኃው ተመለሰ። «ሰው እየሞተ ጭፈራ?» ያለ አልነበረም፤ መባልም አላስፈለገውም። የባለ ባጃጁ አክስት ከቆቦ ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣች። ልጆቹ በር ሲዘጋ ይደነግጡ ነበር። ባለ ባጃጁ ሊያጫውታቸው ብሎ የዚያን ማታ ነገር ነግሯቸው ኖሯል። አንድ እሁድ ከሰዓት እናታቸው ወደ መንታዎቹ እናት መጣችና «እስቲ በሞቴ ምቺላቸው» አለቻት። «ሌላ ድምፅ ደግሞ ይልመዱ።»

ነውር ይሆናል ብለን የተውንላት ሴት ናት የጠየቀችን። ይህን እስካሁን አስባለሁ። ያን ቀን ማንም አልዘለለም፣ እልልታም አልነበረም። ጭብጨባና ጀሪካን ብቻ። በሚቀጥለው እሁድም እንዲሁ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ሲፈረም እሁድ ከሰዓት የግቢው ልማድ ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ትከሻ የወጣው።

አንገት ይጠይቃል፣ ትከሻ ይመልሳል

እስክስታ ለብቻ አይሞቅም። ፊት ለፊት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ይገባል፣ ሌላው ይገጥመዋል፣ ሲደክሙ ለሌላ ይለቃሉ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ልብ ብዬ ያየሁት በጋሼ ነው።

ጋሼ በደርግ ጊዜ የኪነት ሰው ነበሩ። ያኔ ቀበሌውም ፋብሪካውም ገበሬ ማኅበሩም የኪነት ቡድን ነበረው። ወሎ ላይ ደግሞ የላሊበላ የኪነት ቡድን ነበር፣ እነ ማሪቱ ለገሰ የወጡበት። «ላሊበላ ደሴ ላይ ሲጫወት ሐረጎን በእግር እንወጣ ነበር» ይላሉ። በእግር የሚሏትን አላምናቸውም። ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያውም ዳገት። የሚያውቁትን ግን ያውቃሉ።

የሶዶው ልጅ መጀመሪያ ሲገባ ወገቡን ይዞ መጣ። ሰው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ልጁ ግን ወዲያው ወጣ። ጋሼ ተነሥተው ክንዱን ይዘው መለሱት።

«የራስህን ጣለው አላልኩህም። እሱን ኋላ ታሳየናለህ። አሁን ትከሻህን አትወርውረው። አንገትህ ይጠይቅ፣ ትከሻህ ይመልስ።»

ፊቱ ቆመው አሳዩት። ሰባ ያለፋቸው ሰው ናቸው። አንገታቸው ወደ ቀኝ ሸርተት ይልና ይቆማል። ከዚያ ትከሻቸው ሁለቴ ነጠር ነጠር። ፊታቸው ላይ ምንም የለም። እንደጣሉት ኮታቸው አልወደቀም። ልጁ ሞከረ፣ ዘገየ። እንደገና ሞከረ፣ አሁንም ዘገየ። ያኔ ነው ያየሁት። የመንታዎቹ እናት ዐይኗን ትከሻው ላይ ተክላ እጇን አየር ላይ አቆየችው። ጠበቀችው። ልጁ ሲደርስ መታች። ለሁላችንም በምቱ የወረደ መሰለን። ለሱም መሰለው። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁመው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላውም ነገር ይታየኝ ጀመር። ባለ ባጃጁ አንድ እሁድ ትልቅ ስፒከር ተከራይቶ አመጣ። ድምፁ እስከ ቦርከና ይሰማል። ያን ቀን የሚችሉት አራት ሰዎች ጨፈሩ፣ ሌላው ስልኩን ሲነካካ ዋለ። ስፒከር የዘገየ ሰው አይጠብቅም። ጀሪካኑን ግን የሚመታው ዐይን ያለው ሰው ነው።

ሌላው ጭብጨባው ነው። መጨፈር የማይችል አለ፣ የሚያፍር አለ፣ እምነቷ የማይፈቅድላት አለች፣ ጉልበቱን የሚያመው አለ። እጅ ግን ሁሉም አለው። የመንታዎቹ እናት አንድ ቀን ተነሥታ አልወረደችም። «እኔ ጭፈራ አልወድም» ትላለች፣ ጀሪካኑን እየመታች። ማንም አልተከራከራትም። እኔም እውነቱን ልናገር፣ ትከሻዬ ከእንጨት የተሠራ ነው። እጄን ነው ይዤ የምቀርበው። አንዳንድ እንግዳ ደግሞ ሳያጨበጭብ ይቆይና ተራው ሲደርስ ዘሎ ይገባል። ጋሼ ሕጉን ያወጡት ያኔ ነው፦ «የማያጨበጭብ አይጨፍርም።» ቀልድ መስሎን ነበር።

የሶዶው ልጅ የራሱን ያሳየበት እሁድ እትዬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ሲስቁ አንገታቸው ታመመ፤ በማግስቱ ማስታገሻ ከእኔ ወሰዱ። የከሚሴዎቹ ተራ ሲሆን ደግሞ እግር ነው። ሲሚንቶው ዛሬም በእነሱ በኩል ተሰንጥቋል።

ሥራዬ ሆኖ የደም ግፊት መለኪያ ከእጄ አይጠፋም፣ ስለዚህ ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። በፈረንጆቹ 2015 የወጣ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት ነው። ብራዚል ውስጥ 264 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በቡድን በቡድን አስጨፈሩ። አንዳንዱ ቡድን አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በአንድ ምት፣ አንዳንዱ እያንዳንዱ የየራሱን። አንዳንዱ ተነሥቶ እየለፋ፣ አንዳንዱ ተቀምጦ እጁን ብቻ እያንቀሳቀሰ። ከዚያ የግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ እያጠበቁ ሕመሙን እስከ ምን እንደሚችሉት ለኩ። አብረው በአንድ ምት የተንቀሳቀሱት ይበልጥ ቻሉት፣ ለቡድናቸውም ይበልጥ ቅርበት ተሰማቸው። ልፋቱ ለብቻው ይሠራል፣ አብሮ መምታቱም ለብቻው ይሠራል። ማለት ተቀምጦ እጁን ብቻ ያንቀሳቀሰውም ድርሻው አልቀረበትም። እኔ የመንታዎቹን እናት ነው ያሰብኩት። መለኪያው አለኝ፣ ልሞክረው ብል ግን ማን ክንዱን ይሰጠኛል?

በዚያ ዓመት የውኃው ወረፋ ሳይጻፍ ተጻፈ። ሕፃን ያላት ትቀድማለች፣ ሌሊት ሠርታ የገባች ትከተላለች። የመብራቱን ሒሳብ የሶዶው ልጅ እየደመረ በር ላይ ይለጥፋል። ስብሰባ የጠራ የለም። እሁድ ፊት ለፊት ቆሞ የወረደን ሰው ሰኞ በጀሪካን መግፋት ይከብዳል፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

መድረኩ

በ2015 ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ስለነበር ግቢው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለ። ከፋሲካና ከዒድ በኋላ እንደገና ስንጀምር አንድ እንግዳ አየን። መሥሪያ ቤቱ በዓል አለው። «እናንተን የመሰለ ቡድን ነው የምንፈልገው» አለ። ስድስት ሰው፣ አንድ ዓይነት ልብስ፣ አሥር ደቂቃ።

ደስ አለን። እኔም ደስ አለኝ፣ ልብሱን ለመከራየት አዋጥቻለሁ። ከዚያ መምረጥ መጣ። የላስታዋ ልጅ ገባች፣ የከሚሴዎቹ ገቡ፣ ባለ ባጃጁ መራጭም ተመራጭም ሆነ፤ ሌሎች ሁለት ከውጭ ተጨመሩ። የሶዶውን ልጅ «ትከሻህ ገና ነው» አሉት። የመንታዎቹ እናት መድረክ እንደማትወጣ የታወቀ ነው፣ «ችግር የለም፣ ስፒከር አለ» ተባለ። እሁድ ሲሆን ልምምድ ነው፣ ሌላው ቦታ እንዲለቅ ይጠየቃል። ልብስ ማስጫ ገመዱ ሥር ቆመን የራሳችንን ሜዳ ተመልካች ሆንን።

ጋሼን ምን ይመስልዎታል አልኳቸው። ቡናቸውን ፉት ብለው ቆዩና፣ «መድረክ ላይ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካች ነው የሚያዞረው» አሉ። «ጓደኛውን አያየውም። እኛም እንደዚያ ነበርን።»

በዓሉ ላይ አማረባቸው። ሐሰት አልናገርም፣ በጣም አማረባቸው። የላስታዋ ልጅ ግንባር ላይ ብር ተለጠፈ። ሲቆጠር 1,400 ብር። የሷ ነው? የስድስቱ ነው? ልብሱን ያዋጣው ሰውስ? ማታ ግቢ ሲገቡ ተኳርፈው ነው የገቡት። አራት እሁድ ጀሪካኑ አልተጋደመም። ወረፋው ፈረሰ። የሶዶው ልጅ የመብራቱን ሒሳብ መለጠፍ ተወ፣ እኛም ለምን አላልነውም።

በዚያ መሃል የላስታዋን ልጅ ወባ ያዛት። የከሚሴዎቹ ኩርፊያ ላይ ናቸው፣ ፈረቃቸውም ሌላ ነው፤ ግድግዳውን ዞራ ስትተኛ ያኮረፈች መሰላቸው። ሁለት ቀን እንዲሁ ተኛች። እኔ ቀኑን ሙሉ ኮአርተም ስሸጥ እውላለሁ። ከእኔ በር እሷ በር አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ኋላ ቆጥሬዋለሁ። ያገኟት መንታዎቹ ናቸው። ጀሪካን ሊዋሱ ገብተው «እማዬ፣ ትንቀጠቀጣለች» እያሉ ሮጠው ወጡ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

ከጤና ጣቢያ ያመጣት ባለ ባጃጁ ነው። የተጣሉበት ብር ለወተት፣ ለሙዝና ለሾርባ ዋለ። ማን እንዳወጣው አልተጠየቀም። በአምስተኛው እሁድ ጋሼ ወንበራቸውን ራሳቸው ጎትተው መሃል ላይ አኖሩት። እሷን በጋቢ ጠቅልለው አስቀመጧት። እትዬ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይላሉ። የመንታዎቹ እናት ጀሪካኑን አጋደመችው። ቀድሞ ማን እንደሚገባ ሁሉም መሬት መሬት ሲያይ፣ ባለ ባጃጁ ሄዶ የሶዶውን ልጅ ፊት ቆመ። አንገቱን ሸርተት አደረገና ቆየ። ልጁ አስጠበቀው። ደግሞ እኮ መብቱ ነው። ከዚያ መለሰለት።

ያልተፈታው

ጭፈራው የቤት ኪራይ አላስቀረም። እትዬ እሁድ አብረውን አጨብጭበው ማክሰኞ ኪራይ ጨመሩ። የፋብሪካውንም ደመወዝ ከፍ አላደረገም። የከሚሴዎቹ ርካሽ ቤት አግኝተው ወጡ፣ በየወሩ አንድ እሁድ ይመጣሉ። የላስታዋ ልጅ በ2016 ጅዳ ሄደች። ሁላችንም አትሂጂ አልናት፣ ሁላችንም ደግሞ ለምን እንደምትሄድ እናውቃለን። ባዶውን ክፍል ሁለት አዲስ ልጆች ያዙት፣ አንዷ ከወረኢሉ ናት። በመጀመሪያው እሁድ በር ላይ ቆማ ስታይ ጋሼ «እጅ የለሽም?» አሏት።

ነሐሴ 16 ቀን 2016 ማታ ልጅቷ ከጅዳ በኢሞ ደወለች። አሠሪዎቿ ወጥተውላት ነው። ስልኩን ከእትዬ ቤት ዋይፋይ ጋር አገናኝተን መስኮቱ ላይ አቆምነው። መጀመሪያ ጀሪካኑ ላይ ልናስደግፈው ነበር፣ ሲመታ ወደቀ። ወጥ ቤት ውስጥ ናት፣ ከኋላዋ የታጠበ ሰሃን ይታያል። ጭብጨባ ጀመረች። እጇ ሲገናኝ እናያለን፣ ድምፁ ግን ቆይቶ ነው የሚመጣው፤ በእኛ ምት መሃል እየገባ ያደናቅፋል። የወረኢሉዋ ልጅ ሁለቴ ተሳሳተች።

ባለ ባጃጁ «ኔትወርኩ ነው፣ ድምፁን ዝጉት፣ እያየችን ታጨብጭብ» አለ።

የመንታዎቹ እናት አልመለሰችለትም። እጇን አየር ላይ አቁማ ዐይኗን ስልኩ ላይ ተከለች። እኛም እጃችንን ያዝን። ግቢው ጸጥ አለ። ጭብጨባው ከጅዳ መጣ።

ያኔ መታች።